አዳራሽና መናኸሪያ፦ የሳምንቱ ጥበብ ወደ ከተማ የገባበት መንገድ

የሐዋሳ ከተማ የስምንት ክፍለ ከተሞቿ ስም ቢመረመር አብዛኛው ከተፈጥሮ፣ ከአቅጣጫና ከነባር ቦታ የተወሰደ ሆኖ ይገኛል። ሐይቅ ዳር የተባለው ከሐይቁ፣ ታቦር የተባለው ከኮረብታው፣ ምሥራቅና መሐል ከተማ የተባሉት ደግሞ ከአቀማመጣቸው ስማቸውን አግኝተዋል። ሁለቱ ግን ስም የወሰዱት በሰው እጅ ከተሠራ ነገር ነው። አንደኛው ባሕል አዳራሽ፣ ሁለተኛው መናኸሪያ ይባላል። አንዱ ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበት፣ ሌላው ሰው ተሰብስቦ የሚሄድበት ሥፍራ ነው። የሁለቱ ስም በአንድ ከተማ ካርታ ላይ ጎን ለጎን መገኘቱ እንዲሁ ያጋጠመ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዘፈን፣ ፊልምና ሥዕል ወደ አንድ ከተማ እንዴት እንደሚገቡ ለማጥናት ለሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ ቃላት የተሻለ መነሻ አይገኝም።

የከተማ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ የሚሰማውን ዘፈን፣ የሚያየውን ፊልም፣ ቆሞ የሚመለከተውን ሥዕል የሚመርጠው በገዛ ጣዕሙ እንደ ሆነ ይታመናል። ጋዜጣና ሬዲዮ «የሳምንቱ ምርጫ» ሲሉም ከቀረበው ብዙ ነገር መካከል የተሻለውን ለይተው ያሳዩ ይመስላቸዋል። የኢትዮጵያ የኪነ ጥበብ ታሪክ በጥሞና ሲታይ ግን ነገሩ ወደ ተመልካቹ ከመድረሱ በፊት ምርጫው በአብዛኛው ያለቀ መሆኑ ይገለጣል። ቀድመው የሚመርጡትም ሦስት ናቸው፤ አዳራሹ፣ መንገዱና ቀኑ። አዳራሹ ያልቻለውን ሕዝብ አይሰማውም፤ መንገዱ ያላደረሰውን ከተማ አያውቀውም፤ ቀን ያልተቆረጠለትንም ሰው ተሰብስቦ አይጠብቀውም። እነዚህን ሦስቱን ደግሞ የሚሠራቸው ሠዓሊው ወይም ዘፋኙ ሳይሆን ከተማውን የሚነድፈው፣ ጎዳናውን የሚጠርገውና ጣሪያውን የሚያቆመው ባለሙያ ነው።

ቀን የተቆረጠለት ጥበብ

ሳምንትን ለጥበብ መመደብ ከጋዜጣና ከሬዲዮ ጋር የመጣ ልማድ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾምን ስምንት እሑዶች ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና ብላ ትጠራለች። እነዚህ ስሞች በየሳምንቱ ከሚዜመው ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ምእመኑ የወሩን ቀን ቢረሳ እንኳ «ዛሬ መፃጉዕ ነው» ብሎ የጾሙን አጋማሽ መቃረብ ያውቃል። እዚህ ላይ ዜማው ለሳምንቱ ማጀቢያ ብቻ አልሆነም፤ ሳምንቱ በዜማው ይታወቃል። በአገሪቱ እጅግ ከቆዩት የሳምንት መርሐ ግብሮች አንዱ ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐዋሳ የተቆረቆረችበት የሲዳማ ምድር ደግሞ ጊዜን በራሱ ሥርዓት ሲቆጥር የኖረ ነው። በሲዳማ ነባር አቆጣጠር ሳምንት አራት ቀን ሲሆን ቀኖቹ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ ይባላሉ። ሰባቱ ሳምንት አንድ ላይ 28 ቀን፣ ማለትም አንድ ወር ይሆናል። ዓመቱም 13 ወር ይዞ ይዞራል። የዘመን መለወጫው የፍቼ ጫምባላላ ዕለት የሚወሰነው ከዋክብትንና ጨረቃን በሚከታተሉት አያንቶዎች ነው። እነርሱ ቀኑን ከቆረጡ በኋላ ወሬው ለጎሣዎች ይነገራል፤ በዓሉም በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው በጉዱማሌ ሜዳ በቄጣላ ጭፈራ ይከበራል። በመጀመሪያው ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤትን ሰላም ይላሉ፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሰናዳው ቡርሳሜም ይቀርብላቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን በዓል በ2008 ዓ.ም. በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስቱ መራጮች አንድም ሳይጎድል ይገኛሉ። አያንቶው ቀኑን ይቆርጣል፤ ወሬው በየጎሣው መንገድ ይደርሳል፤ ጉዱማሌ ጣሪያ የሌለው አዳራሽ ሆኖ ሕዝቡን ይቀበላል። በዚህ አዳራሽ ተመልካችና ተጫዋች አይለዩም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ወንዱም ሴቱም የጭፈራው ባለቤት ነው። የድምፅ ሕግም ይህንኑ ይደግፋል። በገላጣ ሜዳ ላይ ከድምፁ ምንጭ የሚርቁበት ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ዘፋኝ ብቻውን ለሺህ ሰው ሊዘፍን አይችልም፤ ሺው ሰው ተቀብሎ ሲያዜም ግን ሜዳው በሙሉ ይሰማል። ተቀባይ የሚያስፈልገው ጭፈራ ገላጣ ሥፍራን የመረጠው፣ ወይም ገላጣው ሥፍራ ተቀባይ የሚያስፈልገውን ጭፈራ የመረጠው፣ በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ጣሪያው ሲመጣ

ጣሪያና ትኬት ያለው ጥበብ ወደ ሐዋሳ የመጣው ከአዲስ አበባ ስለ ሆነ፣ የሐዋሳን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ የዋና ከተማውን አዳራሾች መጎብኘት ግድ ይላል።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ ነበር። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ማሳያ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በጨለማ ቤት ውስጥ በሸራ ላይ የሚራመድ ጥላ ማየት ለጊዜው ከዚህ የተሻለ ስም አላስገኘለትም። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሥርቶ ዘፈንና ተውኔት ሕዝቡን ለአገሩ ነፃነት የሚያነቃቁበት መድረክ ተገኘ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ሲኒማ ቤቶች ተሠሩ። ከእነዚህም መካከል ግንባታው ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረው ሲኒማ ማርኮኒ ከነፃነት በኋላ ሥራው ተሟልቶ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተብሎ ተከፈተ። መክፈቻውም የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ይህ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የሚባለው ቤት ነው። ለሲኒማ ታስቦ የተጀመረ ሕንፃ የአገሪቱ ታላቁ የተውኔት መድረክ ሆነ ማለት ነው።

የቤቶቹ ቁጥር ማነስ ለኢትዮጵያ ቲያትር ልዩ ጠባይ ሰጥቶታል። በብዙ የአውሮጳ ከተሞች አንድ ተውኔት በየምሽቱ ተከታትሎ ታይቶ ያበቃል። በአዲስ አበባ ግን አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመደበለት ዕለትና ሰዓት ብቻ እየታየ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የሚዘልቅበት ልማድ ሥር ሰደደ። አንድ መድረክ ለብዙ ተውኔቶች ስለሚካፈል እያንዳንዱ የራሱን ቀን ይዞ ኖረ። ተመልካቹም ተውኔቱን በደራሲው ስም ብቻ ሳይሆን «የሐሙሱ»፣ «የእሑዱ» እያለ ለየው። የመድረክ እጥረት የወለደው ይህ አሠራር ለከተማው ሰው ሳምንታዊ ቀጠሮ ሆነለት።

የፊልሙ ሳምንት ደግሞ በሌላ ምክንያት ተቆረጠ። የሲኒማ ቤት ፊልም 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በሴኮንድ 24 ሥዕል ያልፍበታል። በዚህ ፍጥነት አንድ የ100 ደቂቃ ፊልም ወደ 2.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ይኖረዋል። ይህም 600 ሜትር ያህል በሚይዙ ጥቅሎች ተከፋፍሎ በአምስት የብረት ቆርቆሮ ዕቃ ይጓጓዛል። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ከጥቂት ስለሚቆይ በደንብ የተደራጀ ሲኒማ ቤት ሁለት ማሳያ መሣሪያ ጎን ለጎን አቁሞ፣ የአንዱ ጥቅል ሲያልቅ ሌላውን በቅጽበት ያስነሣል። የቀድሞው ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለ ነበር የመሣሪያው ክፍል እሳት በማያሳልፍ ግድግዳ እንዲታጠር ያስገድድ ነበር። እንዲህ ያለ ከባድና ውድ ዕቃ በብዙ ቅጂ አይመጣም። ጥቂቱ ቅጂ በአንዱ ቤት የተመደበለትን ጊዜ ከታየ በኋላ ወደ ሚቀጥለው ይዛወራል። በሲኒማ ኢትዮጵያ፣ በሲኒማ ኢምፓየርና በአምባሳደር በራፍ ላይ ይለወጥ የነበረው ማስታወቂያ የሥራ አስኪያጁን ጣዕም ብቻ ሳይሆን የጥቅሎቹን የጉዞ መርሐ ግብር ጭምር የሚያሳይ ነበር። የክፍለ አገር ከተማ ተመልካች በዚህ ሰልፍ የመጨረሻውን ሥፍራ ያዘ። ፊልሙ ሲደርሰው ተጫጭሮ፣ አንዳንዱ ትርኢትም ተቆርጦ የቀረ ሆኖ ይመጣለት ነበር።

በኢትዮጵያውያን የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ የጠበቀው ይኸው የአዳራሽ ጥበት ነበር። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። አዳራሹ ወደ ሳሎን የሚገባበት ዘመንም ከዚያ ወዲህ ተቃረበ።

ሸክላ፣ ካሴትና አውቶቡስ

ዘፈን ከፊልም ይልቅ ቀላል መንገደኛ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች የዘመናዊውን ሙዚቃ ድምፅ ከፈጠሩ በኋላ ድምፁን ተሸክሞ የሚሄድ ነገር ያስፈልግ ነበር። የሸክላ ሥራ ለአገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ መብት በነበረበት ጊዜ፣ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ወጣቱ አምኃ እሸቴ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቆመ። የመጀመሪያ ሥራው የአለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥም ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትላልቅ ሸክላዎች አሳተመ። አሊ አብደላ ካይፋም በዚሁ ጎዳና ተከተለ። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከረው ትንሽ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በመድረክ ላይ እንደ ልብ ይረዝም የነበረው ዘፈን በዚያ ልክ ተሰፋ። የዘመኑ ዘፈኖች እጥር ምጥን ያሉ መሆናቸው ከዜማ ደራሲው ብልኃት ሌላ ከሸክላው ስፋት የመጣ ነው።

ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን በጎበኘ ጊዜ ከተማው በምሽት ሙዚቃው ጫፍ ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ። የምሽት ክበብ ሥራ ወደ ቀን ገባ፤ ወይም ሰው ክበቡ ውስጥ ተዘግቶበት እስኪነጋ መቆየት ግድ ሆነበት። አዳራሹ ሲጠብ መንገዱ ቦታውን ያዘ። ካሴት የተስፋፋውም በዚህ ጊዜ ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ እየተጓዘ በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ይዘፍናል፤ በኪስ ይያዛል፤ ቢወድቅ እንደ ሸክላ አይሰበርም፤ ከሁሉም በላይ ማንም ሰው በሁለት ቴፕ ያባዛዋል። የሙዚቃ ቤቶች አዲስ ካሴት የሚያወጡት ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ስለ ነበር የዘፈን ዓመት ከበዓል ጋር ተጣበቀ።

ካሴቱ ወደ ሐዋሳ የሄደው በአውቶቡስ ነው። ሌሊት ሳይነጋ ከአዲስ አበባ መናኸሪያ የተነሣ አውቶቡስ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ አልፎ በዚያው ዕለት ሐዋሳ ይደርሳል። ሾፌሩ የሚያስገባው ካሴት አምሳና ስድሳ ሰው በግድ ለሰዓታት የሚሰማው መርሐ ግብር ነበር። ተሳፋሪው ሲወርድ ዘፈኑን በአፉ ይዞት ይወርዳል። በማግሥቱ በመናኸሪያው ዙሪያ ካሉት ሙዚቃ ቤቶች ስሙን ሳያውቅ ግጥሙን እየተናገረ ይጠይቃል። በዚህ አሠራር የሩቅ መስመር ሾፌር፣ ማንም ሳይሾመው፣ የአገሪቱ ታላቅ የዘፈን መራጭ ሆኖ አገልግሏል። መናኸሪያም የትኬት መቁረጫና የጫኝ አውራጅ ሥፍራ ብቻ ሳይሆን የአዲስ ዘፈን መውረጃ ሆነ።

ይህ ነፃ ጉዞ ዋጋ አስከፍሏል። ዘፈኑ በሄደ ቁጥር ባለቤቱ የሚያገኘው ገንዘብ አብሮ አልሄደም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ካሴት ራሱ ለሲዲ ቦታ በመልቀቅ ላይ ነበር። በአንጻሩ የእነዚያ አሮጌ ሸክላዎች ድምፅ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ በታተሙት «ኢትዮፒክስ» በተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ዓለምን ዞረ። ሐዋሳና ጅማ በካሴት የሚያውቁት ዘፈን ፓሪስ ላይ እንደ ታላቅ ግኝት ተቆጠረ።

የማይጓዘው ሥዕል

ከሦስቱ ጥበባት ለመንገድ እጅግ የሚያስቸግረው ሥዕል ነው። ዘፈንና ፊልም ይባዛሉ፤ ሥዕል ግን አንድ ነው። ዓለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎስያንም በየተራ አስተማሪዎቹ ሲሆኑ፣ የዘመናዊው ሥዕል አገር አዲስ አበባ ሆነች። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ያስጌጠው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሰፋል። ይህ ሥራ ከሕንፃው ጋር የተገነባ ስለ ሆነ ወደ ተመልካቹ አይሄድም፤ ተመልካቹ ወደ እርሱ ይሄዳል። እንደ ጎተ ተቋምና እንደ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ያሉ የባህል ማዕከላት ለዐውደ ርእይ ግድግዳ ቢሰጡም እነዚህም በዋና ከተማው የሚገኙ ነበሩ።

እንዲህ በመሆኑ የክፍለ አገር ከተማ ሰው በየሳምንቱ የሚያየው ሥዕል በሙዚየም የተሰቀለ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ የሆቴል ሳሎን፣ የፀጉር አስተካካይ ቤትና የሻይ ቤት ማስታወቂያ፣ የአውቶቡስና የጭነት መኪና ጌጥ ነበር የሥዕል ዐውደ ርእዩ። በፀጉር ቤት በራፍ ላይ ጎፈሬውን አበጥሮ የሚታየውን ወጣት የሣለው ባለሙያ ስሙ በጋዜጣ አልወጣም፤ ሥራውን ግን መናኸሪያውን የረገጠ ሁሉ አይቶለታል። ለሥዕል አዳራሽ ያልተሠራለት ከተማ መንገዱን አዳራሽ ያደርገዋል።

ሐዋሳ፦ ጎዳናዋ ከቤቷ የቀደመ ከተማ

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከብዙዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች የምትለየው በዕቅድ በመጀመሯ ነው። ሌሎች ከተሞች በገበያ፣ በቤተ መንግሥት ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እንዳጋጠማቸው ሲያድጉ፣ እርሷ ሰፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቿን በወረቀት ላይ ይዛ ተነሣች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ወደ እርሷ ተዛወረ። የእርሻ ኮሌጁ በዚያው ዐሥር ዓመት መገባደጃ ላይ ተከትሎ መጣና ተማሪ የሚባለውን፣ ትንሽ ገንዘብና ብዙ ምሽት ያለውን ተመልካች ሰጣት።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌን ሲያቋቁም፣ ከዚያ ወዲህ በየሠፈሩ የቀበሌ አዳራሽ ብቅ አለ። የቀበሌ የኪነት ቡድን ከበሮውንና ክራሩን ይዞ በዚያ ተለማመደ፤ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያም ወደ አውራጃና ወደ ክፍለ አገር እየተወዳደረ ወጣ። በ1980 ዓ.ም. ውጭ አገር የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» የተሰኘው ታላቅ ትርኢት የዚህ ዘመን ከፍተኛው ፍሬ ነበር። ይዘቱ ብዙ ጊዜ ከላይ የታዘዘ መሆኑ አይካድም። ያም ሆኖ የቀበሌው አዳራሽ ለብዙ ሠፈር ልጅ የመጀመሪያው መድረክ ሆኗል። ሠርግም፣ ስብሰባም፣ ልቅሶም የሚውልበት ይኸው ቤት ነበር።

የእነዚህ አዳራሾች ግንባታ ግን ለድምፅ ያልታሰበበት ነበር። ለምሳሌ 20 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ከፍታ ያለው አዳራሽ 1000 ሜትር ኩብ ይዘት አለው። ሲሚንቶ ወለል፣ የተለሰነ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ይዞ ድምፅ የሚመጥጥበት አቅሙ በጠቅላላው 50 ካሬ ሜትር ነው እንበል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሳቢን በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ባገኘው ቀመር መሠረት የድምፁ ማስተጋቢያ ጊዜ 0.16 በይዘቱ ተባዝቶ ለመምጠጫው ሲካፈል የሚገኘው ነው። ይህም 3.2 ሴኮንድ ይሆናል። ለንግግር የሚስማማው አንድ ሴኮንድ ያህል ስለ ሆነ በዚህ ቤት የሚነገር ቃል እርስ በርሱ ይደባለቃል። አሁን 200 ሰው ይግባበት። እያንዳንዱ ሰው ከነልብሱ 0.45 ካሬ ሜትር ያህል ቢመጥጥ መምጠጫው ወደ 140 ያድጋል፤ ማስተጋቢያውም ወደ 1.1 ሴኮንድ ይወርዳል። አዳራሹን የሚያስተካክለው የገባው ሰው ነው። በሌላ አነጋገር ባዶ የሆነ አዳራሽ ለጥቂት ሰዎች እንኳ አይሰማም፤ የሞላ አዳራሽ ግን ለሁሉም ይሰማል። የቆርቆሮው ጣሪያ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ተውኔቱን ማቋረጥ እንጂ ሌላ መፍትሔ አልነበረም። የክረምት መርሐ ግብር የሚሰረዘው በመራጭ ሳይሆን በደመና ነበር።

ሐዋሳ ከደርግ ውድቀት በኋላ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ርእሰ ከተማ ስትሆን ከሃምሳ በላይ የሚሆኑ ሕዝቦች ዘፈንና ጭፈራ በአንድ ከተማ የሚገናኝበት ዕድል ተከፈተ። ክልሉ እስከ 2015 ዓ.ም. ቆይቶ ሌሎች ክልሎች ተተክተውበታል፤ ሐዋሳም ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን የብዙው ወጣት የሳምንት መዝናኛ በመናኸሪያ አካባቢና በየሠፈሩ የተከፈተው ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ በራፉ ላይ ደግሞ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ፤ ዕቃው ይኸው ነው። ይህ ቤት ከሲኒማ ቤት ጋር ሲነጻጸር ድሃ ነበር፤ ነገር ግን 2.7 ኪሎ ሜትር ፊልም ይፈልግ የነበረውን ትርኢት በአንድ የቪዲዮ ካሴት ስላመጣው የክፍለ አገር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ወጣ። በ1990ዎቹም በቪዲዮ ካሜራ የተቀረፁ የአማርኛ ፊልሞች በዝተው አዳራሾችን ሞሉ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በቬኒስ ሲሸለም፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ዓ.ም. በካን ሲታይ የውጭው ዓለም ለኢትዮጵያ ፊልም አዳራሹን ከፈተ። በአገር ውስጥ ግን እነዚህን ፊልሞች በተገቢው ሸራ ላይ ማየት የቻለው በአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ነው።

የተበተነው ሳምንት

ዛሬ መንገዱ ከአውቶቡስ ወደ ስልክ ገብቷል። በሐዋሳ የሚኖር ወጣት አዲስ ዘፈን ለመስማት አውቶቡስ መጠበቅ፣ ፊልም ለማየትም አግዳሚ ላይ መጋፋት አያስፈልገውም። ከሦስቱ መራጮች መንገዱ ነፃ ወጣ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ መንገዱ ሲቀና ቀኑና አዳራሹ ቀሩ። እያንዳንዱ ሰው በየእጁ መዳፍ ላይ የራሱን ሳምንት ይዞ ሲቀመጥ «የሐሙሱ»፣ «የእሑዱ» የሚባል የጋራ ቀጠሮ እየላላ ይሄዳል። የሚመርጥለትም አያንቶ፣ ወይም ሾፌር፣ ወይም የሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን የት እንዳለ የማይታወቅ ስሌት ሆኗል።

ይህ ጉዳይ ለሐዋሳ በተለይ የሚመዝንበት ምክንያት አለ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠርና ከትንንሽ ከተሞች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ ወደ ከተማይቱ አምጥቷል። እነዚህ ሠራተኞች በመናኸሪያ በኩል ገብተው በጠባብ የኪራይ ክፍል ይኖራሉ። የሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን አላቸው። በዚያች ቀን የሐይቁ ዳርቻና ጎዳናው ለሁሉ ክፍት ነው፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች ግን ለኪሳቸው አይመቹም። ማደሪያና መሥሪያ ያለው፣ መሰብሰቢያ የሌለው ሕዝብ ከተሜ ሆኗል ለማለት ያስቸግራል።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳና የአራት ኪሎ ነባር ሠፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ እንደ ታየው፣ የከተማ ቅርፅ በጥቂት ወራት ሊለወጥ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የመንገዱ ስፋት፣ የእግረኛው መሄጃና የመብራቱ ምሰሶ በዝርዝር ይታሰባል። አዳራሽ ግን ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ምዕራፍ ይተዋል፤ ወይም አንድ እጅግ ግዙፍ የስብሰባ ማዕከል ሆኖ ይታቀድና ለየሳምንቱ ሰው ሳይሆን ለዓመቱ ጉባኤ ብቻ የሚከፈት ይሆናል።

ለሳምንት የሚሆን አዳራሽ ግን ይህን ያህል ውድ አይደለም። 200 ሰው ለማስቀመጥ ከነመተላለፊያው 160 ካሬ ሜትር ያህል ወለል ይበቃል። የኋላው ተቀማጭ ከፊቱ ካለው ሰው ራስ በላይ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል አሻግሮ እንዲያይ ወለሉን በደረጃ ማንሣት፣ ከቆርቆሮው ሥር ዝናብን የሚያፍንና ድምፅን የሚመጥጥ ኮርኒስ መዘርጋት፣ አንዱን ግድግዳ ለፊልም ነጭ፣ ሌላውን ለሥዕል መስቀያ ባዶ መተው፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ አነስተኛ ጄኔሬተር ማዘጋጀት፤ ሥራው በአመዛኙ ይኸው ነው። ቦታውም ከመናኸሪያ የራቀ መሆን የለበትም። የመጨረሻው ታክሲ ከመሄዱ በፊት ተመልካቹ ወጥቶ ሊሳፈር የማይችልበት አዳራሽ በዕቅድ ላይ እንጂ በሕዝብ ሕይወት ውስጥ አይኖርም።

ከተማ የሚነድፍ መሐንዲስ ዘፈን አይመርጥም፣ ፊልም አይመርጥም፣ ሥዕልም አይመርጥም። ሆኖም ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ እንደሚያስረዳው የትኛው ዘፈን፣ የትኛው ፊልምና የትኛው ሥዕል ከሕዝብ ጋር እንደሚገናኝ ብዙውን ጊዜ የወሰነው የእርሱ መስመር ነው። ለተሽከርካሪው ማቆሚያ የሚመድበውን ያህል ለተመልካቹ መቀመጫ የሚመድብ ፕላን ሲወጣ፣ ሐዋሳ በክፍለ ከተሞቿ ስም የያዘቻቸው ሁለት ቃላት በሥራም ይገናኛሉ። ይህም ለሐዋሳ ብቻ ሳይሆን በመናኸሪያዋ በኩል አዲስ ሰው በየዕለቱ ለምትቀበል ለእያንዳንዷ የኢትዮጵያ ከተማ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።